አንድም ውሸት የሌለበት አልበም

ኤልዉድ ኮምጣጤ ውስጥ ያደረውን ማንኪያ በአፈር ሲያሸው ድሬማ በሩን ይዛ ቆማ አየችው። ከቅዳሜ ገበያ የገዛው ተራ የቆርቆሮ ማንኪያ ነው። ይህ ሁሉ ልፋት ያረጀ እንዲመስል ነው። ወጥ ቤቱን የኮምጣጤ ሽታ ሞልቶታል።

«ምን እየሠራህ ነው፣ አባዬ?»

«የእማማ ማንኪያ» አለ ቀና ሳይል። «የሙዚቃ ሐያሲዋ ዛሬ ስትመጣ ላሳያት።»

እማማ ኦሌታ የአባቷ እናት ነበሩ። በዕድሜያቸው ይህን ማንኪያ በእጃቸው ይዘውት አያውቁም።

ኤልዉድ ዓመታት ሙሉ ከአጎቱ ልጆች ጋር በየሠርጉና በየመጠጥ ቤቱ ሲዘፍን ኖሮ ዘንድሮ ብቻውን አንድ አልበም አወጣ፤ ጊታርና ድምፅ ብቻ። ከዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ወዲያ ማንም የማያውቀው ሰው በአንድ ጊዜ የመጽሔት ሁሉ ወሬ ሆነ። አንዱ ሐያሲ «አንድም ውሸት የሌለበት አልበም» ብሎ ጻፈ። ሌላው እየነዳ ሲሰማው መኪናውን አቁሞ እንዳለቀሰ ተናዘዘ። ያስለቀሳቸው «የማንኪያ ውሃ» የሚለው ዘፈን ነው፤ ልጅ ልትሞት ያለች እናቱን ሌሊቱን ሙሉ በማንኪያ ውሃ ሲያጠጣ። የወረዳው ጋዜጣ ብቻ «ጊታሩ ሸጋ ነው፣ ስለ ግጥሙ ጎረቤት ይጠየቅ» ብሎ አለፈው።

ጎረቤት መቼም ያውቃል። እማማ የሞቱ ሌሊት ኤልዉድ ሩቅ ናሽቪል ከተማ ነበር። ሲደወልለት «ነገ እመጣለሁ» አለ፤ የመጣው ለቀብር ነው። የድሬማ እናት የማታ ፈረቃ ላይ ስለነበረች ከእማማ ጋር ያደረችው ድሬማ ብቻ ናት። ነርሷ ስንጥር ላይ የተሰካ ትንሽዬ ሮዝ ስፖንጅ ሰጥታት ነበርና በእሱ ከንፈራቸውን ስታረጥብ አደረች። ማንኪያማ መዋጥ ለሚችል ሰው ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው መንደር ግን ገበናውን ለመጤ አይዘረግፍም። እናቷም «ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ፤ ስንት ዘመን የጠበቀው ቀን ነው» ብላታለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ብሪስ የሚባል የክፍሏ ልጅ በምሳ ሰዓት ሾርባ ከአፉ እያንጠባጠበ «ነይ በማንኪያ አጠጪኝ» እያለ ሙድ ይይዝባታል። ድሬማም እውነቱን ለማንም ሳትተነፍስ ከረመች።

ሐያሲዋ ወይዘሪት ሃሎራን ከሰዓት በኋላ ከኒው ዮርክ መጣች። ኤልዉድ ቤቱ የድሮ እንዲመስል በረንዳው ላይ ያለውን ትልቅ ፍሪጅ በሸራ ሸፍኖታል። አነጋገሩ እንኳ ተለውጦ እንደ ሟች አያቱ ቃላቱን ይጎትታቸው ጀመር። ወይ ጉድ! ድሬማ ሰውዬውን አላወቀችውም። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ማንኪያውን በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ አወጣው። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ክፉ ሰው አትመስልም፤ የሰጧትን የምታምን ሰው ናት። ድሬማን ይበልጥ ያስጠላትም ይኸው ነው።

ከዚያ ሐያሲዋ ወደ እሷ ዞረች። «አንቺስ ያን ሌሊት እዚህ ነበርሽ? አባትሽ ውሃውን ሲሰጣቸው አየሽ?»

ድሬማ «አንዴ መጣሁ» ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። አባቷ ተከትሏት ገብቶ በሩን ዘጋው።

«አዎ በያት በቃ። አንዲት ቃል ናት፣ አታካብጂው።»

«አንተ አልነበርክማ።»

«አውቃለሁ።» ድምፁ ወደ ራሱ ድምፅ ተመለሰ። «ምነው በነበርኩ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ለአፍታ አሳዘናት። «ታዲያ እንደሱ ብለህ ለምን አልዘፈንከውም? አልነበርኩም ብለህ።»

«እሱን ማን ይሰማዋል?» አላት።

ሐዘኔታዋ እዚያው ላይ አለቀ። ያን ሌሊት እማማ ዓይናቸውን በገለጡ ቁጥር «ኤልዉድ መጣ?» ይሏት ነበር። እሷም «መንገድ ላይ ነው፣ እማማ፤ እየደረሰ ነው» ትላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ለእሱ ስትል ዋሽታለች፣ ያውም ሊሞቱ ላሉ አያቷ፣ ያውም «እማማ» እያለች። ይሄኛው ውሸት ግን ለማን ነው? አፏ ውስጥ የኮምጣጤ ጣዕም የመጣባት መሰላት።

«አንተ ንገራት፣ አባዬ» አለችው። «አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

ኤልዉድ በሩን ከፍቶ ወደ እንግዳዋ ወጣ። ድሬማ እውነቱን ሊናገር ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ጊታሩን አነሣና ለእንግዳዋ «የማንኪያ ውሃ»ን ይጫወት ጀመር።

ዘፈኑ ያምራል። አንጀቷን ያሳረራትም እሱ ነው፤ መጥፎ ቢሆን ይቀላት ነበር። እናት ውሃ ስትጠይቅ፣ ልጅ ማንኪያውን ሲያነሣ፣ ድምፁ መሰበር ያለበት ቦታ ላይ ሲሰበር በሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች። ኤልዉድ ልጁን ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ይለምናታል።

ድሬማ ወንበር ስባ ከእንግዳዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ቅድም የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም» አለች። «ያን ሌሊት ከእማማ ጋር ያደርኩት እኔ ብቻ ነኝ።»