ሦስት የዝምታ ሰዓታት

ስድስት ሰዓት ሲሞላ የተቃውሞ ሣጥኗ ባዶ ነበረች። በዲፕሎማሲ ሙያ ማኅበር ይህ የደስታ ምልክት ነው፤ ባዶ ሣጥን ማለት ተቃዋሚ የለም፣ የዓመቱ ሪፖርት ጸደቀ፣ እንግዲህ ወደ ምሳ ማለት ነው። ጸሐፊዋ ፈገግ ብለው የሊቀ መንበሩን በር አንኳኩና ገቡ። ሊቀ መንበሩ፣ የቀድሞው አምባሳደር፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተዋል። ግንባራቸው ክንዳቸው ላይ አርፎ ላያቸው ሰው እንቅልፍ የጣላቸው ይመስላሉ። ጸሐፊዋ ትከሻቸውን ሲነኩ ግን ምሳውም ሪፖርቱም ከሐሳባቸው ጠፋ።

መርማሪዋ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እንዴት» ብለው ይጠሯታል፤ አንድ ጊዜ «ማን?» ከማለቷ በፊት አሥር ጊዜ «እንዴት?» ስለምትል። ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ዓይኗ እያየ ሲዋሽ እንኳ የማታቋርጥ ሴት ነች። ትዕግሥቷ ግን ከደግነት የመጣ አይደለም፤ ሰው ሲፈጥን የሚያመልጠውን ነገር መልቀም ስለምትወድ ነው።

ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። የሻይ ፔርሙዝ፣ ወለሉ ላይ የተሰበረ ስኒ፣ ባዶ የእንቅልፍ ጠብታ ጠርሙስ። ከአምባሳደሩ ግራ እጅ አጠገብ ደግሞ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ነበረች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ የምጠይቀው ከሁሉም በፊት ልጄን ነው።»

«ጠብታው ሻዩ ውስጥ ነበር» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ልባቸውም ደካማ ነው። ወረቀቱን ካየሁ በኋላ እኔ ብዙ የምጠይቀው የለኝም።»

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ የቆመች ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት የመርማሪዋን ዓይን ስባዋለች። የሟቹ ልጅ ነበረች። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ደርቋል።

«አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«እንዴት?»

«በስልክ። እናቴ የሞተችው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ እሱ አምባሳደር በነበረበት አገር ጦርነት ሲነሳ። ከወንዝ ማዶ ታስተምር ነበር። 'ውጡ' የሚለው ቴሌግራም ዘግይቶ ደረሰ፣ አውሮፕላኑ አመለጣት፣ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ባለፈው ሳምንት ግን አባባ ቁጭ አድርጎ ቴሌግራሙ ጠዋት እንደደረሰ፣ እስከ ማታ ድረስ ማንም እንዳላነበበው ነገረኝ። በሪፖርቱ ልጽፈው ነው አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ከረመና ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩለት። 'እናቴን የገደልካት አንተ ነህ' አልኩት። ዝም አለ። ዘጋሁበት።» ቀና ብላ አየቻት። «ወረቀቱን አይተውታል አይደል? እኔን ጠርቶ ነው የሄደው። ይኼን ይዤ እንዴት ነው የምኖረው?»

መርማሪዋ የራሷ አባት ትዝ አላት፤ ወዲያው ከአእምሮዋ አወጣችው።

«የደረስኩበትን ሳልቀንስ እነግርሻለሁ» አለቻት። «እስከዚያ ሰው ገደልኩ አትበዪ።»

ጸሐፊዋ ስልሳ ያለፋቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ወረቀት እንኳ ተንጋዶ የማይታይ ሴት ናቸው። ማኅበሩ በዓመት ሦስት ሥራ አለው ብለው ጀመሩ፣ ለእንግዳ ሁሉ እንደሚያስረዱት። ለወጣት ዲፕሎማቶች ሥልጠና ይሰጣል፤ አዲስ የተሾሙ አምባሳደሮች በሙያቸው ነው ወይስ በዘመድ የተሾሙት ብሎ ያጣራል፤ ከዚያ ሪፖርት ያወጣል። የሪፖርቱ መጨረሻ «የስህተት ምዕራፍ» ይባላል። በየዓመቱ አንድ የቆየ ጥፋት ሳይሸፋፈን ይተረክበታል፣ ልጆቹ እንዲማሩበት።

«የሚጸድቀውስ እንዴት ነው?»

«በዝምታ። ረቂቁ ሦስት ሰዓት ላይ ይታደላል፣ ሁሉም ክፍሉን ዘግቶ ያነባል። እስከ ስድስት ሰዓት ማንም ማንንም አያነጋግርም፣ የማንም በር አይንኳኳም። ተቃውሞ ያለው ጽፎ እዚህች ሣጥን ውስጥ ይጨምራል። ወረቀት ከገባ ዝምታው ተሰበረ ማለት ነው፤ እኔ ያኔውኑ በሩን ከፍቼ ለሊቀ መንበሩ አደርሳለሁ። ካልገባ ጸደቀ። የውጭ ጉዳይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አሠራር ነው።»

«ዛሬ በዚህ በር የገባ ሰው አለ?»

«ማንም። ከዚህ አልተነሳሁም። ግን ክፍላቸው በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ሌላ በር አለው። የምክትሉም የአሠልጣኟም ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይወጣል።»

«ልጃቸው ስትደውል አምባሳደሩ የት ነበሩ?»

«እዚህ እኔ ስልክ ላይ። ምክትሉና አሠልጣኟ ውስጥ፣ እሳቸው ቢሮ ነበሩ። ኮታቸውም፣ ሻያቸውም እዚያው። ጠብታው ከኮታቸው ኪስ አይጠፋም፣ ለዓመታት እንቅልፍ የላቸውም።» ጸሐፊዋ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አምስት ሰዓት ላይ ስኒው ሲሰበር ሰምቻለሁ።»

«አልገቡም?»

«ዝምታ ነበራ። ሃያ ዓመት ያከበርኩት ደንብ ነው፤ ስኒ ተሰበረ ብዬ ልጥሰው? በሕይወት ነበሩ እንዴ ያኔ?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ለጊዜው አለፈችው። ቁራጯን ወረቀት አሳየቻቸው። ወርዷ ጠባብ ነው፤ የቀኝ ጠርዟ በእጥፋት ላይ የተቀደደ ነው፤ ከላይም ተቀድዳለች።

«ይህ የረቂቅ ወረቀታቸው ነው» አሉ ጸሐፊዋ። «ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው በግራው ብቻ ይጽፋሉ። ቀኙ ለሰው አስተያየት ነው። ደብዳቤ ሲሆን ግን ዳር እስከ ዳር ይሞሉታል።»

«ምዕራፉ ስንት ገጽ ነው?»

«እኔ የተየብኩት ስምንት። ዘጠነኛዋን ዛሬ ጽፈው ስድስት ሰዓት ላይ ራሳቸው ሊያነቡልን ነበር።»

ሁለቱም በበሩ በኩል ወደ አምባሳደሩ ጠረጴዛ አዩ። ዘጠነኛ ገጽ የሚባል አልነበረም።

አሠልጣኟ ድርድር የምታስተምር፣ ስታዝን የምትቆጣ ዓይነት ሴት ነች። «ምዕራፉ ጨካኝ ነው» አለች። «የኤምባሲው ተረኛ ተኛ፣ ቴሌግራሙ ማሽኑ ላይ ቀኑን ሙሉ ዋለ፣ በዚህ ሳቢያ አምስት ሰው ቀረ ይላል። አለቀ። ስሙ አይጠራም እንጂ ተረኛውን አንጠልጥሎ ነው የሚተወው። ጋሼ በሰው ላይ እንዲህ ጨክነው አይቼ አላውቅም።»

«ለምን አልተቃወሙም?»

«መጨረሻውን ልስማ ብዬ ነዋ። ደግሞ ተቃውሞ የሰረዝ ሥራ ነው።» የመረረ ሳቅ አመለጣት። «ምክትላችንን ነው 'ሰረዝ' የምንለው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ረቂቅ እንኳ ሰረዝ ሳይጨምርበት አሳልፎ አያውቅም። አምና የምስጋናውን ገጽ ተቃውሟል፤ ምስጋና እኮ ነው። ዛሬ እሱም ጸጥ አለ። ሹመቱ አስክሮታል ብዬ ነበር።»

ምክትሉ አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ከወር በኋላ አምባሳደር ሆኖ ይሄዳል፤ የማኅበሩ ሪፖርትም በሙያው ለመሾሙ ምሳሌ አድርጎ ያቀርበዋል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሐዘኑም የማስመሰል አልነበረም። መርማሪዋ ይህንን ልብ አለች።

«ጽሑፉ ላይ ቅሬታ አልነበረኝም» አለ። «ምን ይወጣለታል? ጋሼ ማንንም አልወቀሱም። ተረኛውን እንኳ ነፃ አውጥተው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ነው ያደረጉት። እንዲህ ያለ ሸክም የያዘ ሰው...»

«አመሰግናለሁ» አለች መርማሪዋ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችውም።

ወደ ቢሮው ተመልሳ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። ከስኒው የፈሰሰው ሻይ ደርቆ ቡናማ እድፍ ሆኗል። የቁራጯን ጠርዝ አርሷል፤ ከሥሯ ያለው እንጨት ግን ንጹሕ ነው። ከዚያ ወንበር ስባ ስምንቱን ገጾችም፣ የአዳዲሶቹን አምባሳደሮች የሥራ ታሪክም አነበበች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ከጸሐፊዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ይህች ወረቀት የስንብት ቃል አይደለችም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ለመሞት የሚጽፍ ሰው ለሌላ ሰው አስተያየት ቦታ አይተውም። ይህች የጠፋችው የዘጠነኛ ገጽ ታችኛ ክፍል ናት። አንድ ሰው ከላይም ከጎንም ቀዶ የኑዛዜ መልክ ሰጣት።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«መቼ? ሻዩ ወረቀቷን ዙሪያዋን አርሷል፣ ከሥሯ ግን ደረቅ ነው። ስኒው ከመውደቁ በፊት እዚያ ነበረች። ስኒው የወደቀው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ወረቀቷን ያስቀመጠው ሰው ያኔ ወጥቷልና የጣለው የራሳቸው እጅ ነው።» ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «እትዬ፣ የጠየቁኝን ልመልስልዎት። አዎ፣ በሕይወት ነበሩ።»

ጸሐፊዋ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ክፍሉ ውስጥ የሚያጽናናቸው ሰው አልተገኘም፤ ሁሉም የራሱን ዝምታ እያሰበ ነበር።

«ኮሪደሩን እትዬ ይዘውታል። ስለዚህ የገባው ሰው በዚህ በር ነው የገባው። ሁለት ሰዎች አሉ» አለች መርማሪዋ። «አሠልጣኟ ምዕራፉ ተረኛውን የሚኮንን ጨካኝ ጽሑፍ ነው አለችኝ። ስምንቱን ገጽ ላነበበ ሰው ልክ ነው፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ምክትሉ ግን ተረኛውን ነፃ ያወጣ ጽሑፍ ነው አለኝ። ያ ቃል በስምንቱ ገጽ የትም የለም። ሊኖር የሚችለው በዘጠነኛው ላይ ብቻ ነው፤ ዘጠነኛውን ደግሞ ከሟቹ በቀር ያየ ሰው መኖር አልነበረበትም።»

መርማሪዋ ሪፖርቱን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«በሪፖርታችሁ የሥራ ታሪኩ አለ። የመጀመሪያ ምድቡ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ያው ኤምባሲ ነው። ተረኛው እሱ ነበር። ምክትል ነውና የምዕራፉን ጉዳይ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ዘጠነኛዋ ገጽ ስሜን ትጠራለች፣ ሹመቴም አበቃ ብሎ ፈራ። አምባሳደሩ ስልክ ሊያነጋግሩ ሲወጡ፣ አሠልጣኟ ዞር ስትል፣ ጠብታውን ፔርሙዙ ውስጥ ገለበጠው። በዝምታው ሰዓት ገጿን ሊወስድ ሲገባ እንቅልፍ ወስዷቸው አገኘ።» ትንሽ ቆየች። «እርግጠኛ ያደረገኝ ግን ዝምታው ነው። የምስጋና ገጽ የሚቃወም ሰው፣ እሱን ራሱን የሚኮንነውን ጽሑፍ ዝም ብሎ አሳለፈ። አንዲት ተቃውሞ ቢጽፍ እትዬ ያኔውኑ በሩን ይከፍቱ ነበር፤ ሰውዬውም ይተርፉ ነበር።»

«ሳነበው ይተነፍሱ ነበር» አለ ምክትሉ፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው።

«ታዲያ ለምን አልጠራህንም?» አሠልጣኟ ነበረች።

«እንዴት ገባህ ትሉኛላችሁ ብዬ።» እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። «ላቃጥለው ነበር፤ አልቻልኩም።» የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ለልጅቷ ዘረጋላት።

ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው፣ ቃል በቃል።

«'እስካሁን ያነበባችሁት ያኔ አጣሪዎቹ የጻፉትን ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ተረኛው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሁለት ሌሊት አልተኛም። አንተ ጋደም በል፣ ማሽኑን እኔ አያለሁ አልኩት። ቃሌ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰደው፤ የሰማኝ አይመስለኝም። እኔም ሌላ ጉዳይ ያዘኝና ማሽኑን ረሳሁት። ልጁ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሲሳቀቅ እያየሁ ዝም አልኩ። ይህን ለመናገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።'»

ምክትሉ ግማሽ ዕድሜውን ሲደብቀው የኖረው ጥፋት የእሱ አልነበረም። አሁን ግን የእሱ የሆነ ሌላ ጥፋት አለው። ፖሊሶች ክንዱን ይዘው ሲያስወጡት ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ልጅቷ መርማሪዋ ያቀበለቻትን ቁራጭ ጭኗ ላይ ከገጹ ጋር ገጠመችው።

«በስልክ ያልኩት እውነት ነበር ማለት ነው» አለች በመጨረሻ።

«እውነት ነበር» አለች መርማሪዋ። «ግን አልገደላቸውም። አልዋሽሽም፣ ሳያሳዝናቸው አልቀረም። ስልኩን ዘግተው ግን ተቀምጠው ይኼን ጻፉ። የጻፉት ሊኖሩ ብለው ነው።»

«ስድስት ሰዓት ላይ ካነበበላቸው በኋላ ይደውልልኝ ነበር። ለእኔም ሳያነብልኝ አይቀርም ነበር። ይቅር እለው ነበር እኮ። ትንሽ አኩርፌ፣ ትንሽ አስለምኜው፣ ይቅር እለው ነበር።»

ከቀትር ጀምሮ እንደ ጥፋተኛ ደርቃ የዋለችው ሴት፣ ያኔ እንደ ልጅ አለቀሰች።