ከሞስኮ ቦሌ አሥር ሰዓት

ይህ በእኔ በወይንሀረግ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው።

ጥር 1977 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር።

እማዬ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል። ወንድሜ ፍሰሐ ግን አልሰማም። ሞስኮ አምስት ዓመት ተምሮ ሊመለስ ስለሆነ፣ በሰው አገር ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ ብለን ደበቅነው። መጥቶ አርፎ ይደርና ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ይነግሩታል። እስከዚያ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ አደራ ተብያለሁ።

ቴሌግራሙ «ቅዳሜ በ8 ሰዓት ቦሌ እደርሳለሁ» ይላል።

አጎቴ ጋሽ ዘነበ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፤ ግን የማያውቁት ነገር የለም።

«ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሃል ላይ አርፎ አሥር ሰዓት ይፈጃል። አሁን ገና ሰማይ ላይ ነው» አሉና ታክሲ ሊያነጋግሩ ወጡ።

የግቢው ሰው በሙሉ የቀበሌ ስብሰባ ሄዷል። ብቻዬን ነኝ።

ጥቁር ልብሴን አውልቄ አበባ ያለበት ቀሚስ ለበስኩ። ለሐዘን የተላጨሁትን ፀጉሬን በሻሽ ሸፈንኩ።

በሩ ተከፈተ...

ፍሰሐ ነው። ሻንጣውን ይዟል።

ያኔ ገባኝ። የጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስምንት ያለው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ኖሯል፤ እኛ ከሰዓት በኋላ መስሎን ቁጭ ብለናል። ከእኛ ማንም አልተቀበለውም።

«ፍስሽዬ...» ብዬ ልጠመጠምበት ስል ወደ ኋላ ሸሸ።

ዓይኑ አብጧል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አፈር ይዟል።

አለቀሰ ማለት ነው... ሰምቷል።

«ማን ነገረህ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«እማዬ።»

...

«ቦሌ ቆማ ጠበቀችኝ» አለ ፍሰሐ። «ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛ ነገረችኝ።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«ምን ብላ?»

ሻሼን ያያል... ቀሚሴን ያያል...

«ልደታ ማርያም ወሰደችኝ» አለ በመጨረሻ። «መቃብርሽን አሳየችኝ፣ ወይንዬ።»

እዚያ የቀበርነው እሷን ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን እንዴት ብዬ? ሽማግሌ በሌለበት፣ ቆሞ፣ ገና ከመንገድ እንደመጣ? አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«እሷስ... የት አለች?»

«ደጅ።»

ከውጭ ኮቴ ሰማሁ። ቀስ እያለ መጣና በሩ ጋ ቆመ።

ፍሰሐ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ወደ በሩ አፈገፈገ።

«እማዬ...» አለ። «እዚህ ናት እኮ።»

ከደጅ የእማዬ ድምፅ መለሰለት። ራሱ ነው፣ አልተሳሳትኩም።

«ቀስ በል ልጄ... ገና አልተነገራትም።»