ሴቭ ያላደረገችው

ትውውቃቸው የጀመረው በእሷ ጥፋት ነው። ዋና መሥሪያ ቤት ቁጭ ብላ የሩቁን ቅርንጫፍ ራውተር በኔትወርክ ገብታ ስታስተካክል፣ የተሳሳተ ኢንተርፌስ፣ ማለትም የመስመር በር፣ ላይ «ሻትዳውን» ብላ ጻፈች። ለካ የዘጋችው ራሷ የገባችበትን ነው። ስክሪኑ ድርቅ አለ፤ እሷን ላብ አጠመቃት።

የቅርንጫፉ ቴክኒሽያን ደወለ።

«ቁልፉን ውስጥ ረስተሽ በሩን ዘጋሽው ማለት ነው?»

«እባክህ አትቀልድብኝ። መባረሬ ነው!»

«ሴቭ አድርገሽዋል?»

«ኧረ አላደረግሁም።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ራውተሩን ነቅዬ እሰካዋለሁ። ሴቭ ያልተደረገን ነገር ጠፍቶ ሲነሳ ይረሳዋል።»

ነቀለ፣ ሰካ፣ መስመሩ መጣ። ለአለቆች «መብራት ተቋርጦ ነው» ብሎ ሸፈነላት።

ከዚያ ወዲያ ለሥራ የተደወለ ስልክ ሥራው ካለቀም በኋላ አይዘጋም ነበር። «ዋናዬ» ይላት ጀመር። መጀመሪያ በዋና መሥሪያ ቤቱ ማሾፉ ነው፤ ኋላ ማሾፉ ቀረ። ለሥልጠና መጥቶ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ያ ሁሉ ወሬ ከሁለቱም ጠፋ። እሱ ጫማውን አየ፤ እሷ እሱን አየች።

ደስታ አይበረክት ሆኖ ቅርንጫፉ እንዲዘጋ ተወሰነ። በዚያው ሰሞን የእናቱ ዓይን ደከመ። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

«እናቴ ዘንድ ልገባ ነው። አብረሽኝ ነይ» አላት።

የራሷ እናት ከሞተች ወዲህ ሁለት ታናናሽ እህቶቿን የምታሳድገው እሷ ናት። «ትንሿ እስክትመረቅ ጠብቀኝ» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን በሰው ዕድሜ ላይ መፍረድ መሰላትና ዋጠችው። እሱም ዝምታዋን እንቢታ አድርጎ ወሰደው። ምን ያድርግ!

በመጨረሻው ቀን የቅርንጫፉን መስመር ከዋናው ራውተር ላይ የምትዘጋው እሷ ሆነች። በስልክ እየጠበቃት ትእዛዙን ጻፈች።

«መስመሩ ሄደ» አላት። ቀጥሎም፣ «ሴቭ አድርገሽዋል?»

«አዎ።»

ዋሸችው። ጣቷ እንቢ ብሏት ነው።

ትንሿ እህቷ በተመረቀች ሰሞን መብራት ተቋርጦ ራውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። ኢንተርፌሶቹን አንድ በአንድ ስታይ ያ የዘጋችው የቅርንጫፉ ተከፍቷል። በእሷ በኩል ክፍት፣ መስመሩ ግን የለም፤ ማዶ ማን አለና! ቢሆንም ልቧ ዘለለ። አሁን እኮ መሄድ ትችላለች። ስልኳን አንስታ ደወለችለት።

የአሮጊት ድምፅ መለሰላት። «ማን ልበል፣ የኔ ልጅ? ዓይኔ አያይልኝም።»

«የድሮ የሥራ ባልደረባው ነኝ፣ እማማ።»

«ውይ፣ ስልኩን ጥሎት እኮ ነው የሮጠው። ሚስቱ ወሯ ገብቶ፣ ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ወስዷታል።»

«በሰላም... በሰላም ትገላገል።»

«አሜን! ማን ደወለች ልበለው?»

«ዋናዬ» የሚለው ስም ምላሷ ላይ ነበር።

«ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው ይበሉት» አለች።

ስልኩን ዘግታ እዚያው ወንበሯ ላይ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «ሻትዳውን» ብላ ጻፈች። ቀጥላም ሴቭ አደረገችው።