የሮዌና ገዢዎች የት ገቡ?

የሮዌና ገዢዎች በአንድ ሳምንት ድራሻቸው ጠፋ።

በፊሊፒንስ ኢሎኢሎ ከተማ ውስጥ ሰልባጅ ልብስ በስልኳ በቀጥታ ስርጭት ትሸጣለች። ልብሱን አንስታ ስታሳይ፣ ቀድሞ «የኔ» ብሎ የጻፈ ይወስዳል። አሁን «የኔ» የሚል ሰው የለም።

«ጎረቤቴ ጆሴሊን ናት!» አለች ለሰፈሩ ፖሊስ ለሳጅን ኤልፒዲዮ። «እሷም ሰልባጅ ነው የምትሸጠው። ገጼን አበላሸችብኝ! ልጆቼን በምን ላሳድግ?»

ሳጅኑ ጆሴሊን ቤት ገባ።

«ምን አድርገሽባት ነው?»

«እኔ? እሷ አርባ ሺህ ተከታይ አላት፣ እኔ ሦስት ሺህ። ቀንቻለሁ፣ አልዋሽም። ቅናት ወንጀል ከሆነ እሰረኝ!»

ሳጅኑ ከሮዌና አርባ ሺህ ተከታዮች የአንዳንዶቹን ገጽ እየከፈተ አየ። ፎቶ የላቸውም። ወዳጅ የላቸውም። ነገሩ ገባው።

«ስሚኝ እህቴ፣» አላት ሮዌናን ቤቷ ተመልሶ። «ተከታይ ማለት ስሙን ያስመዘገበ ነው። ተሳትፎ ሌላ ነው፤ ላይክ፣ ኮሜንት፣ ሼር የሚያደርግ ሰው ይፈልጋል። ስርጭትሽ መጀመሪያ ለጥቂት ተከታዮች ይታያል። እነሱ ዝም ካሉ ለሌላው አይደርስም። ያንቺዎቹ ደግሞ የተገዙ ባዶ ስሞች ናቸው። ደንበኞችሽ አልከዱሽም፤ ስርጭትሽ አልደረሳቸውም።»

«እኔ እኮ ሰው የወደደኝ መስሎኝ ነበር! ማነው የገዛብኝ?»

የሳጅኑ ዓይን ጓሮው ውስጥ ባዶ የዶሮ ቤት ላይ አረፈ። ሰፈሩ ሁሉ ታታይ፣ ማለትም አባባ፣ የሚላቸው የአባቷ የክሪሳንቶ ተዋጊ ዶሮ ማደሪያ ነው። ያን ዶሮ ሽማግሌው ለማንም አያስነኩም ነበር።

«ታታይ፣ ዶሮው የት ሄደ?» አላቸው ሳጅኑ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ሸጥኩት።»

«እንዴ! ለምን?» አለች ሮዌና።

«ሰፈርተኛው ‹በዚች ጥቂት ተከታይ ነጋዴ ነኝ ትላለች› እያለ ሲስቅባት አንጀቴ አረረ። ስልክ ጠጋኙ ተከታይ ይሸጣል አሉኝ። ሰው መስሎኝ ነው፣ ልጄ! ለልደትሽ ገበያተኛ ያመጣሁልሽ መስሎኝ!»

ሮዌና ልትቆጣ አፏን ከፈተች። አልሆነላትም። አባቷን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ጆሴሊንን ይቅርታ ጠየቀቻት። «ዶሮ ሸጦ ተከታይ? ወይ ጉድ!» እያለች ጆሴሊን ራሷ ባዶዎቹን ስሞች ስታጠፋላት ሰነበተች።

ሮዌና እንደገና ስርጭት ከፈተች። ቀይ ቀሚስ አነሳች። ማንም አልጻፈም። ቀሚሱን ወደ ስልኩ አስጠጋችው።

«የኔ» የሚል ብቅ አለ። ከጎኑ ያለው የአባቷ ስም ነው።

«ታታይ! የሴት ቀሚስ እኮ ነው!»

«ዝም ብለሽ ጠቅልይው!» አሉ ከመጋረጃው ጀርባ። «ቢያንስ እኔ ሰው ነኝ!»

ድምፃቸው በስርጭቱ ተሰማ። የሚያዩት ጥቂት ሰዎች ሳቃቸውን መጻፍ ጀመሩ፤ አንዷም ለእህቷ ላከችው። ብዙም ሳይቆይ አንዲት የድሮ ደንበኛ ጻፈች፦

«አንቺ! የት ጠፍተሽ ነው? ቀጣዩ የኔ።»