የጽድ አግዳሚ

«ክቡራን የስፖርት ቤተሰቦች! የተከበራችሁ የመንደራችን ነዋሪዎች! እንዲሁም አጥር ተደግፋችሁ የምትከታተሉን ፍየሎች! የትምህርት ቤታችን ጎል ከዛሬ ጀምሮ አግዳሚ ያለው መሆኑን ሳበስር የሚሰማኝ ኩራት ወደር የለውም!»

የአብስራ አፉ ላይ የደገነው ድምፅ ማጉያ ቂጡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ነበር። ተጫዋቾቹ አጨበጨቡ፣ አፏጩ። ፍየሎቹ ግን ማመንዠካቸውን አላቋረጡም።

በረኛው ዳልጮ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ቆሞ ወደ ላይ አንጋጠጠ። እስከ ትናንት ድረስ አግዳሚው እንደ መንግሥተ ሰማያት በእምነት ብቻ የሚታይ ነገር ነበር። ኳስ ከፍ ብላ ባለፈች ቁጥር ግማሹ «ገብታለች!» ግማሹ «ከላይ ናት!» እያለ ይናነቃል፤ መጨረሻ ላይ ዳልጮ እጁን ዘርግቶ እንዲዘል ይደረግና ጣቱ የደረሰበት ድረስ ጎል ነው ተብሎ ይፈረዳል። አሁን ግን ቀጥ ያለ፣ ልጡ የተላጠ፣ በኖራ የነጣ እንጨት ከቋሚ እስከ ቋሚ ተጋድሟል። እሁድ የዶርዜ ልጆች ለግጥሚያ ሲመጡ አፋቸውን ይይዛሉ።

«ከየት አመጣችሁት?» ብላ ጠየቀች የክፍላቸው ልጅ ቤቲ።

«ከአርባ ምንጭ ተገዝቶ ነው» አለ የአብስራ በጠርሙሱ ውስጥ። «ስፖንሰር አለን።»

ዳልጮ ጎንበስ ብሎ ጓንቱን ማስተካከል ጀመረ። ጓንት አልነበረውም።

እውነቱ ሌላ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ሁለቱ ጓደኛሞች ከየአብስራ ቤት የወሰዱትን መጋዝ በጆንያ ጠቅልለው ወደ ማኅበሩ ደን ገቡ፤ አንድ ለጋ ጽድ መረጡ፤ ወዲህና ወዲያ ሆነው እየሳቡ ጣሉት። ቅርንጫፉን መልምለው እዚያው ትተው ግንዱን ብቻ ተሸክመው ወጡ። ሲወጡ ይስቁ ነበር።

ደኑ የመንደሩ ነው። ተራራው ራሰ በራ በነበረበት ዘመን ጎርፉ እንሰቱን ከነሥሩ እየነቀለ ቁልቁል ወደ አባያ ሐይቅ ሲነዳ፣ ሽማግሌዎቹ ሕዝቡን ሰብስበው የደን ማኅበር አቋቋሙ። ሕጉ አጭር ነው። መጥረቢያም ሆነ መጋዝ ደኑ ውስጥ አይገባም። ረቡዕ ጠዋት ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣና መሬት ላይ ወድቆ ያገኘውን ጭራሮ በእጁ ይለቅማል፤ የሳምንቱ ማገዶ ያ ነው። ማኅበሩ አባላቱን የሚቆጥረው በራስ ሳይሆን በጭስ ነው፤ ጭስ የሚወጣበት ቤት ሁሉ አንድ አባል። ቅጣቱም እንደዚያው። ከቤቱ አንድ ሰው ካጠፋ የዚያ ቤት ጭስ ይዘጋል። ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከዚያ ቤት ወደ ደኑ የሚወጣ የለም።

የምርቃቱ ጨዋታ ገና ሳይሞቅ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ኤርጫፎ ከነኮሚቴያቸው ሜዳው ዳር ብቅ አሉ። ከተራራው እየወረዱ ስለነበር አልቧቸዋል። ኮታቸውን አውልቀው የጎሉ ቋሚ ላይ አንጠለጠሉና ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ልጆች፣ ኳሷን ያዟት። ከደናችን ጽድ ተቆርጧል።»

ዳልጮ ኳሷን አነሳና ደረቱ ላይ አቀፋት።

«እርጥብ ጽድ! ጉቶው ገና ያለቅሳል» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «የየቤቱን ምድጃ እየፈተሽን ነው። የከሰል ጉድጓድም እየፈለግን ነው። እንጨት የቆረጠ ሰው ማንደዱ አይቀርም።»

«ትክክል!» አለ የአብስራ። «ለማገዶ ካልሆነ ለምን ይቆረጣል?»

ዳልጮ እግሩን ረገጠው። አቶ ኤርጫፎ ግን ምክንያቱ ጥሩ ሆኖ ስላገኙት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቋሚውን በእጃቸው ተደግፈው ቀና አሉና አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ይቺ ደግሞ አምሮባታል» አሉ። «በርቱ። ወጣት በስፖርት ሲታነጽ ደስ ይላል።»

ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ኮሚቴውን አስከትለው ሄዱ። ከአጥሩ እንዳለፉ የአብስራ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«'ያለቅሳል' አሉ! ሰማህ? በናትህ ሰማህ?»

ዳልጮ አልሳቀም። አሁን ዘሎ እጁን ቢዘረጋ አግዳሚውን ይነካዋል። አልዘረጋም።

በማግስቱ አርብ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ፓስቲ አልነበረም። የቤቲ እናት ወይዘሮ አገርነሽ በየቀኑ ለዕረፍት ሰዓት ፓስቲ ጠብሰው የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ቤቲ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ዛሬ የለም?» አላት ዳልጮ።

«በምን ይጠበስ? እንጨቱን ወስደውብናል።»

«እነማን?»

«ኮሚቴው ነዋ! ትናንት ማታ ጓሯችን መጥተው እርጥብ የጽድ ቅርንጫፍ አገኙ። እማዬ ረቡዕ ጭራሮ ስትለቅም መሬት ላይ ተጥሎ አግኝታ ነው። መሬት ላይ ያለ ይነሳል አይደል ሕጉ? አነሳችው። በቃ።» ዓይኗ ቀልቷል። «ድሮ እንጨት ተሸክማ አርባ ምንጭ ወርዳ ትሸጥ ነበር። እና 'ልማዷ ነው' አሉ። ከተወችው ስንት ዘመኗ! ዛሬ ከሰዓት ዱቡሻ ተጠርታለች።»

ዱቡሻ ሽማግሌዎቹ ፍርድ የሚሰጡበት ሣር ሜዳ ነው። እዚያ የተባለ ነገር አይመለስም።

ዳልጮ የአብስራን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ አገኘው። ሁሉንም ነገረው።

«እሺ፣ እና?» አለ የአብስራ።

«እናማ እንናገራ!»

«አብደሃል እንዴ? አቦ ተረጋጋ ጀለስ። ቅጠል ማስረጃ ነው? ያስተባብላሉ፣ ይለቋቸዋል።»

«ባይለቋቸውስ?»

የአብስራ ዙሪያውን ቃኘ። ጠርሙሱ በእጁ አልነበረም፤ ያለ እሱ ድምፁ ትንሽ ነበር።

«ስማ፣ አባቴ ዳይሬክተር ብቻ መሰለህ? የማኅበሩ ምክትል ሊቀ መንበር ነው። መጋዙ የሱ ነው። በየስብሰባው 'ደናችን፣ ደናችን' ሲል የሚውለው እሱ ነው። ይሄን ቢሰማ በማግስቱ ጠቅልሎ ደብረ ማርቆስ አያቴ ጋ ይልከኛል። እሱም ሰው ፊት መቆም አይችልም፤ 'ከሰሜን መጥቶ ሲመክረን የነበረው' ይሉታል።» ቀና ብሎ አየው። «አንተስ? የናንተ ጭስ ሲዘጋ እናትህ ምን ልታነድ ነው? ደብተርህን?»

ዳልጮ ስለ እናቱ አሰበ። አባቱ ላንቴ የሙዝ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው፤ ወደ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ማኅበሩ ሳይቋቋም በፊት እናቱ ማገዶ ፍለጋ ገደሉን እየወረደች እስከ አባያ ዳር ትሄድ ነበር። ዛሬም ወገቧን ይዛ ነው ከተቀመጠችበት የምትነሳው።

«ዝም እንበል» አለ የአብስራ። አሁን ልመና ነበር። «እሁድ ጨዋታ አለን። ከዚያ በኋላ እናስብበታለን።»

ከሰዓት በኋላ ዱቡሻው ሞላ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ተማሪዎቹ ከኋላ ቆሙ። ከሜዳው ቁልቁል የትምህርት ቤቱ ጎል ወለል ብሎ ይታያል፤ አግዳሚው ፀሐይ ላይ ያበራል። ከተሰበሰበው ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ያዞረ ሰው አልነበረም።

የአካባቢውን ቋንቋ ለማይሰሙት ለዳይሬክተሩ፣ ለየአብስራ አባት ለአቶ ሸዋንዳኝ ሲባል ነገሩ በአማርኛ ተጀመረ። ወይዘሮ አገርነሽ መሀል ላይ ቆመዋል።

«ወድቆ ያገኘሁትን ነው ያነሳሁት» አሉ።

«ጽድ ራሱን አይቆርጥም፣ አገርነሽ» አሉ አቶ ኤርጫፎ። ሰው ሳቀ።

«መጥረቢያም መጋዝም የለኝም። ቤቴን ፈትሹት።»

«ፈተሽነው። ደብቀሽው ይሆናላ!»

አቶ ሸዋንዳኝ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «በሥነ ሥርዓት እንሂድ። ወይዘሮ አገርነሽ፣ ጥፋትዎን ቢያምኑ ቅጣቱ ሊቀልልዎት ይችላል።»

«ያላደረግሁትን አምኜ ምን ይቀለኛል፣ ጋሼ?»

አባባ ኦይታ፣ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ትልቁ፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ጎንበስ አሉና እርጥብ ሣር ነጭተው ያዙ። የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ይሄን ያውቃል። ሣሩ እጃቸው ውስጥ እስካለ ድረስ ቃል ያለው ይናገራል። መሬት ከጣሉት ፍርዱ ጸና፤ ከዚያ ወዲያ የሚናገር ዱቡሻውን ደፈረ ይባላል።

«ሌላ ቃል ያለው አለ?» አሉ።

ዳልጮ ከሴቶቹ መሀል እናቱን ፈለጋት። ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወይዘሮ አገርነሽን ታያለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች።

«እንዳትንቀሳቀስ» አለው የአብስራ በሹክሹክታ። እጅጌውን ይዞታል። «በእግዜር።»

ዳልጮ እጅጌውን አስለቀቀ። ወደ መሀል ግን አልገባም፤ ዞሮ ቁልቁል ሮጠ። ሽንት የያዘው የመሰላቸው ጥቂት ልጆች ሳቁ።

ጎሉ ጋ ደረሰ። ቋሚው ላይ ተንጠላጥሎ ገመዱን መፍታት ያዘ። ራሱ ነው ያሰረው፤ አጥብቆ ነው ያሰረው። በጥርሱ ሳበው። አንዱ ጫፍ ለቀቀና ግንዱ ሜዳውን መታው፤ ድምፁ ዱቡሻው ድረስ ተሰማ። አሁን ሰው ሁሉ ዞሯል። ሌላውን ጫፍ ፈታ፣ ወፍራሙን ወገን ትከሻው ላይ አወጣ፣ ዳገቱን መውጣት ጀመረ። ጭራው ከኋላው ሣሩን እያረሰ ይከተለዋል። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ማንም ሊያግዘው አልተነሳም።

አባባ ኦይታ እግር ሥር ጣለው። ትከሻው በኖራ ነጥቷል።

አቶ ኤርጫፎ በርከክ ብለው ኖራውን በጥፍራቸው ፋቁ። አሸተቱት። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ጽድ ነው» አሉ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

«ማነው የቆረጠው?» አሉ አባባ ኦይታ።

«እኔ።»

ከሴቶቹ በኩል የአንዲት ሴት ድምፅ «ወይኔ» አለ። ዳልጮ የማን እንደሆነ ያውቀዋል። አልዞረም። ወይዘሮ አገርነሽ ግን ዞረው እናቱን አይዋት፤ ከዚያ እሱን።

አባባ ኦይታ ሣሩን አልጣሉም። ዳልጮ የመጣበትን መንገድ በበትራቸው ጠቆሙ።

«እዚህች ድረስ ብቻህን ስታመጣው መሬቱን አርሰኸዋል። ከደኑ እስከ ሜዳው ግን እንዲህ የታረሰ መሬት አላየንም። ያኔ በሁለት ትከሻ ነው የመጣው። አብሮህ የነበረው ማነው?»

ከተማሪዎቹ መሀል የአብስራ ጫማውን ያያል። ፊቱ አግዳሚውን መስሏል።

አቶ ሸዋንዳኝ ከተቀመጡበት ተነሡ። ክራቫታቸውን አስተካክለው ወደ ዳልጮ ተጠጉ፤ ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነበር።

«ዳልጮ፣ ጎበዝ ልጅ ነህ፤ አውቅሃለሁ። ቅጣቱን አንተና እናትህ ብቻ ለምን ትሸከማላችሁ? የዚያም ልጅ ወላጅ ይወቀው እንጂ! ማነው?»

«አልናገርም።»

«እሺ፣ ለምን እንደማትናገር እንኳ ንገረን።»

ዳልጮ ከትከሻው ላይ ኖራውን አራገፈ።

«አልናገርም፣ ቲቸር።»