የአባዬ ተርጓሚ

«ምን አለው? ሐኪሙ ምን አለው?» አለ አባቷ በዛብህ፣ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ።

ሄቨን ስክሪኑን አፍጥጣ አየች። ጓደኛዋ ፋሪዳ ስልኩ ላይ የከፈቱትን ፊልም በቴሌግራም ስትልክላት «አባትሽ ይወደዋል፣ ሙሉውን ኦርጋን ነው» ብቻ ነበር ያለቻት። እውነትም ወዶታል። ስኳር ዓይኑን እስኪጋርደው ድረስ ኮልፌ ባለው ቸርቻቸው ሃያ ዓመት ኦርጋን የተጫወተ ሰው ነው። ከምሳ በኋላ ጀምሮ ሄቨን ከስር የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያየች፣ እንደ ድሮ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ የሁሉንም ድምፅ ራሷ እየሠራች ስታወራለት ነበር። የፊልሙን ባለታሪክ፣ የጥንቱን የአውሮፓ ሙዚቃ ደራሲ፣ ሆና ስትቆጣ በዛብህ በሳቅ ይንከተከታል።

አሁን ግን ደራሲው አልጋ ላይ ነው። ሐኪሙ ዓይኑን በመርፌ ወግቶታል። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ «ከዚያ በኋላ አላየም፤ በአራተኛው ወር ሞተ» ይላል።

የፋሪዳ ነገር! ምናለ መጨረሻውን ብትነግራት! ነገ ጠዋት በዛብህ የዓይን ኦፕራሲዮን አለው። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞለት ሁለቱንም ጊዜ ፈርቶ ቀርቷል። አሁን ካልተሠራ የቀረችውም ብርሃን እንደምትጠፋ የምታክመው ዶክተር ቁርጡን ነግራዋለች። «የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት እኮ ነው» ብትለው አይሰማትም፤ እሱ የሚፈልገው ሰበብ ነው።

«ዳነ» አለች ሄቨን። «ጨርቁን ሲፈቱለት መጀመሪያ ያየው ልጁን ነው።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ለምን ታለቅሳለች?»

«በደስታ ነዋ!»

ኦርጋኑ ቀስ እያለ ዝቅ አለ። በዛብህ ጉልበቱ ላይ በጣቶቹ ሲከተለው ቆየና እጁን አነሳ።

«ሄቨኔ፣ ይሄ የደስታ ዜማ አይደለም። ስንት ለቅሶ ላይ ተጫውቻለሁ፣ አውቀዋለሁ።»

«አባዬ ደግሞ! ፊልም እኮ ነው፣ አታካብድ!»

«ፊልሙስ ፊልም ነው። ነገ ፈርም የሚሉኝን ወረቀት የምታነቢልኝ ግን አንቺ ነሽ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ብትነግረው ነገ ይቀራል፤ ባትነግረው ከእንግዲህ የምታነብለትን አያምናትም። መሄጃ አጣች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሱ እንባዋን አለማየቱ ደግሞ ይባስ አስለቀሳት።

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ቪዲዮውን በጣቷ ወደ ኋላ መለሰችው፣ ሐኪሙ መርፌውን ወዳነሳበት ቦታ። የአባቷን እጅ ፈለገች። ቀዝቅዟል።

«ሐኪሙ...» አለች፣ አሁን በራሷ ድምፅ። «ሐኪሙ ‹ታያለህ› ብሎት ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ አላየም።»