የሚዞረው ጠረጴዛ

ዓሣው ዞሮ ኬኔ ፊት ሲደርስ በሹካዋ ቆርሳ ወሰደች። ምግቡ የተደረደረበት ክብ መስታወት እንደገና ሲዞር ቶላ እጁን ዘረጋ፤ ሜቲ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ቶላ ሹካውን ባዶውን መለሰና ሩዙን መነካካት ጀመረ።

ኬኔ መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ደስታው ገና አልበረደላትም ነበር። ከነቀምቴ ተነስተው አዲስ አበባ የመጡት ለትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ነው፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ወጥተዋል። የባዮሎጂ አስተማሪያቸው ቲቸር ታዲዮስም «ደረጃ ውስጥ ከገባችሁ ቻይና ቤት እራት እጋብዛችኋለሁ» ብለው ስለነበር ቃላቸውን ጠበቁ። ሦስቱም ተማሪዎች እንዲህ ያለ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ለመብላት ሞክረው ሩዙ ጠረጴዛው ላይ ሲበተን፣ አስተናጋጇ እየሳቀች ሹካ አመጣችላቸው። ቶላ «በቃ፣ ፋራነታችን ተነቃ» ብሎ አሳቃቸው። ምግቡ መሃል ላይ በሚሽከረከር መስታወት ላይ ተደርድሮ ሁሉም ከዚያው እያነሳ ይበላል።

ዶሮው መጣ፤ ኬኔ ነካችው። ከእሷ በኋላ ማንም አልነካውም። ጎመኑም እንዲሁ ሆነ። እሷ ያልነካችው የበሬ ሥጋ ግን ወዲያው አለቀ። ጥርጣሬዋን መፈተን ፈለገች። ቶላ ገና ሲገቡ ጀምሮ የጎመጀለት ኑድል ሲቀርብ ከጫፉ ጥቂት ብቻ አንስታ፣ መስታወቱን በቀስታ ወደ እሱ አዞረችለት። ቶላ ሳህኑን አየ፤ ከዚያ ሜቲን አየ።

«ጠገብኩ» አለ።

ያኔ ነገሩ ገባት።

ከአንድ ቀን በፊት ባረፉበት ክፍል ውስጥ ክኒን ስትውጥ ሜቲ አይታት ምን እንደሆነ ጠይቃት ነበር። ኬኔ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቱን በሥርዓት ስለምትወስድ ከተነሳባት ሁለት ዓመት አልፏል። እናቷ ድርቤ ግን ዛሬም ድረስ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ከግቢያችን እንዳይወጣ» ትላታለች። ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለሜቲ ነገረቻት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብረው የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸዋ። ሜቲም አቅፋት፣ «እናቴ ትሙት፣ ትንፍሽ አልልም» ብላ ማለችላት።

«ሜቲ፣ ማል ታቴ?» አለቻት አሁን በአፋን ኦሮሞ፣ ምን እንደሆነች ስትጠይቃት።

ሜቲ አንገቷን ደፋች። የመለሰው ቶላ ነው።

«በሽታሽ በምራቅ ይተላለፋል አለችን» አለ።

«ክፉ አስቤ አይደለም» አለች ሜቲ። «እናቴ ሁሌም እንደዛ ነው የምትለው። ለቲቸርም የነገርኳቸው ድንገት ብትወድቂ እንዲያውቁ ብዬ ነው።»

ኬኔ ወደ ቲቸር ታዲዮስ ዞረች። ስለ ነርቭም፣ ስለ ጀርምም፣ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ስለሚሄድበት መንገድም ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። አሁን አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጠበቀች።

ቲቸር ታዲዮስ አስተናጋጇን ጠርተው ባዶ ሳህን አስመጡ። ከየምግቡ በማንኪያ እያነሱ ሞሉላት፤ የዓሣውን እሾህ እንኳ ለቅመው አወጡላት። ከዚያ ሳህኑን በሚዞረው መስታወት ላይ ሳይሆን እሷ ፊት፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።

«እንዲህ ለብቻ ቢሆን ለሁሉም ይቀላል» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «አይዞሽ፣ ብዪ።»

ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ አታጣም ነበር። አሁን ግን ሹካዋን አነሳች። በላች። ምን እንደበላች ዛሬም አታውቀውም።

በማግስቱ ወደ ነቀምቴ ሲመለሱ አውቶቡሱ አኖ ከተማ ላይ ለምሳ ቆመ። ኬኔ ሳትወርድ ቀረች። ሜቲ ሙዝ ገዝታላት መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። እንደተጸጸተች፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ እንዳልዞረ ነገረቻት። አለቀሰችም። ከዚያ ዙሪያዋን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ትምህርት ቤት ስለ እራቱ አንቺም አታውሪ፣ ስላንቺ እኛም አናወራም። ቲቸርም እንደዛ ይሻላል ብለዋል።»

ኬኔ ሙዙን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። የተባለው ክፉ አይመስልም፤ እናቷም የምትፈልገው ይህንኑ ነው። እሺ ብትል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል። ቀጣዩ ከተማ ሲሬ እስኪደርሱ ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። እሺ ልትል አፏን በከፈተች ቁጥር ያ ለብቻው የተቀመጠ ሳህን ይመጣባታል። ሳትመልስላት ነቀምቴ ገቡ።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አጨበጨበላቸው። ለፎቶ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሜቲ እጇን ኬኔ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ፎቶው እስኪነሳ ብቻ ነበር።

የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ቲቸር ታዲዮስ ስለ ምግብ መፈጨት ሥርዓት አስተማሩ። ሲጨርሱ እንደልማዳቸው የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው ላይ አራግፈው፣ ጥያቄ ያለው ካለ ጠየቁ።

ኬኔ እጇን አወጣች። ሜቲ ከጎኗ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት። ኬኔ የሜቲን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀችና ተነሳች።

«ቲቸር፣ የሚጥል በሽታ በምራቅ ይተላለፋል ወይ? የምጠይቀው እኔ ስላለብኝ ነው።»

ቲቸር ታዲዮስ ዳስተሩን አንስተው ወደ ሰሌዳው ዞሩ፤ ምንም ያልተጻፈበትን ቦታ ሲጠርጉ ቆዩ። ኬኔ በልቧ «አላውቅም» እንዲሏት ተመኘች። ባያውቁ ኖሮ ይቅር ማለት ይቀላት ነበር።

«አይተላለፍም» አሉ ሳይዞሩ። «በምራቅም ሆነ በምንም አይተላለፍም። ተቀመጪ።»

ኬኔ አልተቀመጠችም።